ረይሐና ድምፅ ሳታወጣ የቀራችበት ቀን

አንዲት ሴት ነበረች፣ ከሚሴ ውስጥ። ጆሯቸው የማይሰማ ልጆችን ቁርአን ታስቀራለች፤ ንባቡን ታስተምራለች። አንዳንዶቻችሁ «የማይሰማ ልጅ ደግሞ እንዴት ይቀራል?» ትሉ ይሆናል። ይቀራል። ጭራሽ የማይሰሙት በእጅ ምልክት ይቀራሉ። ትንሽ ትንሽ የሚሰሙት ደግሞ የኡስታዛቸውን፣ የአስተማሪያቸውን፣ አፍ እያዩ፣ ሐርፉን፣ ፊደሉን፣ ከጉሮሯቸው እየፈለጉ ይቀራሉ።

ከነዚህ አንዷ ረይሐና የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ጆሮዋ ላይ መስሚያ ታደርጋለች፤ እሱም ቢሆን ድምፁን እንጂ ቃሉን አጥርቶ አያመጣላትም። «ቁል ሁወላሁ አሐድ» የምትለዋን አጭር የቁርአን ምዕራፍ ለመያዝ አራት ወር ፈጀባት። እኛ በአንድ ከሰዓት የያዝናትን ሱራ፣ አራት ወር! የመጀመሪያዋ ሐርፍ፣ ቃፍ፣ ካፍ እየሆነችባት ስንት ቀን አለቀሰች። ኡስታዛዋ አልሰለቻትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም።

የመድረሳው፣ የቁርአን ትምህርት ቤቱ፣ የምርቃት ቀን ደረሰ። አዳራሹ በወላጅና በእንግዳ ሞላ። ልጆቹ ተሰልፈው አብረው ሊቀሩ ሲሉ ኡስታዛዋን ፍርሃት ያዛት። የረይሐና ድምፅ ከሌሎቹ ወፍራም ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ቢስቅስ? ጎንበስ አለችና «አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅ እንዳታወጪ» አለቻት።

ረይሐና የታዘዘችውን አደረገች። ማንም አልሳቀም። ሰዉ ሁሉ «ማሻአላህ» ብሎ፣ ደስ ብሎት ተበተነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረይሐና አልመጣችም። በሁለተኛውም አልመጣችም። በሦስተኛው ኡስታዛዋ ቤታቸው ሄደች። እናቲቱ በር ላይ ተቀብላ፣ ልጅቷ ቤት ውስጥም መቅራት እንዳቆመች፣ ስትሰግድ እንኳ አፏን ገጥማ እንደምትቆም ነገረቻት። ከዚያ «‹እማ፣ አላህም በኔ ድምፅ ያፍራል?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት ኡስታዛ?» አለቻት።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ኡስታዛዋ ገባች። ልጅቷ አፏን እንድታይ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። አላህ አያፍርብሽም። አፉ በይኝ።»

ልጅቷ «ቃፌን እኮ አስተካክዬው ነበር፤ ማንም አልሰማኝም» አለች።

ኡስታዛዋ እንድትቀራላት ለመነቻት። ረይሐናም ቀራች፣ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ጮክ ብላ ቀራች። ቃፉ ልክ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ሐርፍ ሳተች። ኡስታዛዋ እንባዋ እየወረደ አስቆመቻት፣ አረመቻት፣ እንደገና አስቀራቻት። እንደ ማንኛዋም ተማሪ። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጅቷ መድረሳ ተመለሰች።

ወገኖቼ፣ ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ እየከበደው፣ እየተንተባተበ ቁርአን ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር፣ ሁለት ምንዳ፣ አለው ብለውናል። ሁለት! ታዲያ ሁለት አጅር ያለውን ልጅ ዝም በል የምንለው እኛ ማን ነን?

እናንተስ ቤት ዝም የተባለ የለም? እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምትሸኙት የለም? ቃል ሲይዘው ቀድማችሁ የምትጨርሱለት የለም? በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሰው ሳቅ ልታድኑት ነው። እሱ የሚረዳው ግን ሌላ ነው። «ድምፄ አይፈለግም» ይላል በሆዱ፤ ከእናንተም አልፎ ከጌታው ዘንድ የማይፈለግ ይመስለዋል። አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት አንዱ ይህ እንዳይሆን እፈራለሁ።

የሚስቅ ይስቃል፣ ይደክመዋል፣ ይተዋል። ልጃችሁ ግን ይቅራ።