ከሐይቁ ዳር የቆመው ፎቶ አንሺ

አንድ ሰው ነበረ፣ ዓይኑ እየደከመ የሄደ። ጥያቄህን አልዘነጋሁትም ልጄ፤ «አርባ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እግዚአብሔር ለምን ራቀኝ?» ነው ያልከኝ። የንስሐ አባትህ ነኝና መልሱን ከእኔ ስማ። ብቻ እንደ ልማድህ አታቋርጠኝ።

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነበር። ሐኪሙ «እስከ ክረምት ታያለህ፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ» ብሎታል። ስንቱን ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ ሰው ለራሱ አንድ ነገር ተመኘ፤ ሐይቁ መካከል ደረቅ ዛፍ ላይ የሚያርፈውን ንስር ላባው እስኪቆጠር ድረስ አጥርቶ ማንሳት። ብርሃኑ ሳይጠፋ ያንን አይቶ ሊጠግብ።

ሩቁን የሚያቀርብ ካሜራ ይዞ ዳር ቆመ። እስከ ጥጉ ሳበው። ንስሩ ቀረበ፤ ምስሉ ግን ጭጋግ ሆነበት። አንዳንዴም ካሜራው ንስሩን ትቶ ፊት ለፊት ያለውን ሸምበቆ ያጠራል። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ። «ዓይኔ ነው ወይስ ዕቃው?» እያለ ተጨነቀ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ሲያየው ሰንብቶ፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎም ዕቃዎም ደህና ነው» አለው። «በእርስዎና በወፉ መካከል ግን ሐይቅ ሙሉ የጋለ አየር ይንቀጠቀጣል። አቀረቡት እንጂ አልቀረቡትም።»

«ብቀርበው ቢበርብኝስ?»

«ሊበር ይችላል። ከዚህ ሆነው ግን መቼም አያዩትም።»

ሰውየው ፈራ። ያለው ዕድል ያችው ነበረች። በማግስቱ ማለዳ፣ አየሩ ሳይግል፣ በአጥማጁ ታንኳ ላይ በደረቱ ተኛ። ዓሣ አጥማጁ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ቀዘፈ። ዛፉ ሥር ሲደርሱ ሰውየው ትንፋሹን ዋጠና በንስሩ ዓይን ላይ ብቻ አነጣጠረ። ንስሩ አልበረረም። ምስሉን ከፍቶ አጉልቶ አየው። በዚያች ዓይን ውስጥ ታንኳ አለች፤ ታንኳዋ ላይ የተኛ ሰው አለ። ራሱ ነው። «ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲያየኝ ኖሯል» አለና አለቀሰ።

አንተስ ልጄ? አርባ ዓመት ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ተደግፈህ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ትሰማለህ። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ታጎነብስና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። «አልበቃሁም፤ ስሸመግል እቆርባለሁ» ትለኛለህ። ቁርባን ማለት እኮ መቅረብ ማለት ነው። እሱ አልራቀህም፤ አንተ ከዳር ሆነህ ስትፈልገው እሱ ሲያይህ ነው የኖረው። ፈርተህም ቢሆን ግባ።