መቀስና የሙሽራዋ ቀሚስ

ተረት ልንገራችሁ? እስቲ «ንገሪን!» በሉኝ። አዎ፣ እንደሱ! አፉን ዘግቶ ለሚያፈጥብኝ ሰውማ አላወራም።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ወይዘሮ ይታክቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የልብስ መስፊያቸውን በሚያኖሩበት ሙዳይ ውስጥ መቀስ፣ መርፌና ክር አብረው ይኖሩ ነበር። አብረው ይኖሩ ነበር ስላችሁ ተዋደው እንዳይመስላችሁ! መቀስ በመርፌ ቅናት አንጀቱ ያረረ ነበር።

ለምን ቀና? ወይዘሮ ይታክቱ ሰፍተው ሲደክማቸው መርፌን ደረታቸው ላይ ሰክተው ይነሳሉ። ገበያ ሲሄዱ መርፌ አብራ ናት። ጎረቤት ሲጠሩ መርፌ አብራ ናት። መቀስ ግን ክዳን ተደፍቶበት ይቀራል።

«እኔን የሚያህል ብረት እዚህ ታፍኜ፣ እሷ ስንጥር የምታክለዋ ደረት ላይ!» እያለ ይብሰከሰካል።

አንድ ጊዜ የወይዘሮዋ ልጅ ማንያህልሻል ልትዳር ሆነ። የምትለብሰው የእናቷን የሠርግ ቀሚስ ነው፤ ሌላ የላትም። እናቷ ደልደል ያሉ፣ እሷ ደግሞ ሸንቀጥ ያለች ስለሆነች ቀሚሱ መጥበብ ነበረበት። ወይዘሮ ይታክቱ የድሮውን ስፌት ተረተሩ፣ ልጃቸውን ለኩ፣ በከሰል መስመር አሰመሩ። ከዚያ መርፌ ሥራዋን ጀመረች። ጠዋት ጠቅ፣ ከሰዓት ጠቅ፣ በማግስቱም ጠቅ። የቤት ስፌት መቼ ቶሎ ያልቃል!

መቀስ መጀመሪያ ወደ ክር ሄደ።

«ወንድሜ ክር፣ ይቺ መርፌ እኮ አንገትህን አንቃ በየቀዳዳው ትጎትትሃለች። ምን በደልካት?»

ክር ሆድ ባሰው፤ ተቋጠረ፣ ተወሳሰበ። ወይዘሮ ይታክቱ ቁጭ ብለው ፈቱት፤ ሥራው ቀጠለ።

ቀጥሎ ወደ ቀሚስ ሄደ።

«እሜቴ ቀሚስ፣ እንዲህ የከበሩ ሴት ሆነው እንደ ወንፊት ሲበሱ ዝም ይላሉ?»

ቀሚስ ተቆጥተው ተጨማደዱ። ወይዘሮ ይታክቱ ውሃ ረጨት አድርገው በእጃቸው አቀኗቸው፤ ሥራው ቀጠለ።

አሁንማ የመቀስ ደም ፈላ። ወይዘሮዋ መርፌን ደረታቸው ላይ ሰክተው ወፍጮ የሄዱ ዕለት ማንያህልሻልን ጠራት።

«እህቴ፣ ሠርግሽ አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል እንጂ! ይኸው በጭንቀት ልሞት ነው።»

«መርፌን ስትጠብቂ ታረጃለሽ። እኔን አንሺኝ። ይኸ የከሰል መስመር ይታይሻል? በሱ ላይ አስኪጂኝ፤ ባንዴ እገላግልሻለሁ።»

«እናቴ ብትቆጣስ?»

«አልቆ ስታየው ትመርቅሻለች እንጂ!»

እዚህ ላይ ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። መስመሩ የመርፌ መንገድ ነበር። መቀስ የሚቆርጠው ከመስመሩ ወጣ ብሎ፣ ለስፌት የሚታጠፍ ትርፍ ጨርቅ አስቀርቶ ነው። ይኼን መቀስ አሳምሮ ያውቃል። አይ ቅናት! እያወቀ መስመሩ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው።

ወይዘሮ ይታክቱ ተመልሰው ቀሚሱን በልጃቸው ገላ ላይ ሞከሩት። ጎኑና ጎኑ አልገናኝ አለ። ማንያህልሻል እያለቀሰች መቀስ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው። እናትየው ራሳቸውን ይዘው፣ «በሠርጓ ቀን ልጄን ምን ላለብሳት ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ መቀስ ዞሩ።

«አንተ፣ ፈጣን ነኝ ብለሃል አሉ። እንግዲያው ፍጠንና የቆረጥከውን መልስልኝ።»

መቀስ አፉን ከፈተ። ቀጭ! ደግሞ ከፈተ። ቀጭ! ሌላ ነገር ከየት ይምጣለት?

ይኼኔ መርፌ፣ «እሜቴ፣ የክት ነጠላዎን ጥለት ይስጡኝ፤ በሁለቱ ጎን አስገብቼ ላስፋው። ጊዜ ግን እፈልጋለሁ» አለች።

ወይዘሮ ይታክቱ የሚሳሱለትን ነጠላ አወጡ። መቀስን ማን አምኖ ይንካው? ጥለቱን በእጃቸው ቀደው ለዩት፤ የመቀስን አፍ ደግሞ በክር ጥፍር አድርገው አሰሩና ሙዳይ ውስጥ ጣሉት። መርፌም ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሚዜዎቹ ደጅ ደርሰው ሲጨፍሩ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠረች።

ማንያህልሻል ለብሳ ብቅ ስትል ዕልልታው ቀለጠ።

«ጎኗ ላይ ያለውን ጥለት አያችሁልኝ?» አለች አንዷ።

«እንዲህ ያለ ቀሚስ አይቼም አላውቅ! የኔም ልጅ ስትዳር ጎኗ እንደዚህ ይሁንልኝ» አለች ሌላዋ።

«የሰፋችው መርፌ ትባረክ!» አሉ አንዲት አሮጊት።

መቀስ ከሙዳዩ ውስጥ ሁሉንም ሰማ። ያን ጎን የከፈተው እሱ ነው። እሱ ባይቆርጠው ጥለቱ አይገባም ነበር። «የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ሊጮህ ፈለገ፤ ክሩ አፉን ይዞታል። ክሩስ ቢፈታለት ምን ብሎ ሊናገር ነው? «ላበላሸው ብዬ ነው የቆረጥኩት» ሊል ነው?

እንግዲህ ልጆቼ፣ ቀናተኛ አንድን ነገር ለማበላሸት አንድ አፍታ ይበቃዋል። የተበላሸውን ማቃናት ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ምስጋናው የሚሄደውም ጊዜዋን ሰጥታ ላቃናችው ነው። የኔ ተረት እዚህ ላይ ይብቃ፤ አሁን እናንተ አውሩና እኔ ልስማ።