ዋስ ያጣችው እርኩም

አንድ ጊዜ ክፉ ድርቅ ገባና ጫካው ደርቆ አለቀ። አያ አንበሶም ወፎች ዘራቸው እንዳይጠፋ ብሎ በወንዝ ዳር ትልቅ የወፍ ቤት አሠራላቸው። በረኛ አድርጎ የሾመው ግን አያ ጅቦን ነበር። ለጅብ ሥጋ አደራ የሚሰጥ ማን ነው አትበሉኝ፤ ንጉሥ ነው፣ የፈለገውን ይሾማል።

ጅቦ ወዲያው ሕግ አወጣ፦ «ከውስጥ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የሌለው አይገባም!» ዋስ የሆነ ሁሉ እንቁላል እጅ መንሻ ያቀርብለታልና ሕጉ ተስማማው።

ለአንድ ወፍ ብቻ ቦታ ሲቀር የርግብ ዘመድ የሆነችው ዋኔና እርኩም በሩ ላይ ደረሱ። እርኩም በክንፏ ሥር አንዲት እንቁላል ይዛለች። ዋኔ ገና ሳትናገር ዘመዶቿ ከውስጥ «የእኛ ናት! የእኛ ናት!» ብለው ተንጫጩ።

«አንቺስ ማን አለሽ?» አለ ጅቦ።

እርኩም አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። በቀቀን ፊቱን አዞረ። በጥቁረት የሚመስላት ቁራ እንኳ ወደ ጥግ ሸሸ።

«ማንም የለኝም» አለች። «የእኛ ዘር ከሌላው ወፍ የተለየው ጥንት ነው። ከቤታችን የቀረነው እኔና ይህች እንቁላል ነን።»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «እንግዲያ እሷን ስጪኝና ግቢ!»

«እሷን ከሰጠሁህማ ምን ልሁን ብዬ እገባለሁ?» ብላ እርኩም እንቁላሏን አጥብቃ ያዘች።

በዚያ ስታልፍ ነገሩን የሰማችው እመት ቀበሮ አንበሳው እዚያው በዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንደሚሰማ ታውቃለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አያ ጅቦ፣ ዋኔ ብትሞት ማን ያንጎራጉራል?» አለች።

«እኅቶቿ ሞልተው!»

«እርኩም ብትሞትስ እንደሷ ማን ይጮኻል?»

ጅቦ አሰበ፣ አሰበ። «ማንም አይጮኽም» አለ።

ዋኔ ይህን ስትሰማ የእኅቶቿን ድምፅ አዳመጠችና ከበሩ ፈቀቅ አለች። «አንቺ ግቢ፣ እኔ ወንዙን ተከትዬ ዕድሌን እሞክራለሁ» አለቻት። አያ አንበሶም ተነሥቶ መጣ። «የእርኩም ዋስ እኔ ነኝ!» ሲል ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ።

እርኩም ገባች። ዋኔ ከዓይኗ እስክትሰወር እያየች አዘነችላት። ከዚያ በኋላ እርኩም ጎህ ሲቀድ ሁልጊዜ በጎርናና ድምፅዋ ትጣራ ነበር፤ የሚመልስላት ግን አልነበረም። አንድ ማለዳ እንደ ልማዷ ተጣርታ ስታበቃ፣ ከተሰበረው የእንቁላሏ ቅርፊት ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰላት።

ከዚህ የምንማረው ቦታ በጠበበ ጊዜ ቅድሚያ የሚገባው ዘመዱ ለበዛ ሳይሆን ቢሞት ተተኪ ለሌለው መሆኑን ነው።