በጥብቁ ደን ቀፎ የሚሰቅለው ማን ነው?

በአንድ ወቅት ውብዳር የምትባል የወረዳ አስተዳዳሪ በማር ሰበብ ጣጣ ውስጥ ገባች። የወረዳው ምክር ቤት የተረፈውን አንድ አገር በቀል ደን ለመጠበቅ እቅድ አወጣ። መጥረቢያም ከብትም እንዳይገባበት ከለከለ፤ አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀፎ እየሰቀለ ደኑን እንዲጠብቅ ፈቀደ። ይካፈሉት እንዳይባል ደኑ ትንሽ ነው፤ ቀፎ ከበዛበት ንቡ ይራባል። ፈቃዱን የምትሰጠው ውብዳር ናት፤ የሚጠይቁት ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሦስቱም ኑሮ ከብዷቸዋል፤ ማሩን ያጣው ልጆቹን ይዞ ከቀዬው መውጣቱ አይቀርም።

ታላቁ ጥሩነህ ዝግባ ማብቀል ያውቃል። የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ለመብቀልም ዳተኛ ነው። እሱ ግን ቅርፊቱን እየፈለቀቀ፣ ጓሮው ውስጥ ጥላ ሠርቶለት እያጠጣ አበቀለው። ደኑ በሳሳበት ሁሉ የቆመው ለጋ ዝግባ የእሱ ልፋት ነው።

መካከለኛው አስናቀ ከደኑ የሚዋሰን ጥሩ የጤፍ ማሳ ነበረው። ችግኙ መተከያ ሲያጣ፣ ሚስቱ እያለቀሰች ማሳውን ለቀቀ።

በታናሹ በፈንታሁን ጉዳይ ግን የተሳሳተው ወረዳው ራሱ ነው። ቶሎ ስለሚያድግና ለሪፖርት ስለሚያምር፣ በደኑ ምንጭ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አስተከለ። ምንጩ ነጠፈ፣ ችግኙ ጠወለገ። ፈንታሁን ቀበሌ ሄዶ አመለከተ፤ «እናየዋለን» አሉት። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣልና፣ በጠራራ ፀሐይ ዶማ ይዞ ገባና ከነሥሩ ነቀለው። የመንግሥት ንብረት አጠፋ ተብሎ ታሰረ። እንዲታሰር ያመለከተችው ውብዳር ናት። ከክረምቱ በኋላ ምንጩ ተመለሰ፣ ችግኙም ነፍስ ዘራ።

አሁን ሦስቱም ቢሮዋ ቆመዋል።

«ያለ እኔ ምን ሊጠበቅ ነበር?» አለ ጥሩነህ።

«ማሳዬ ባይኖር ጣራህ ላይ ልትተክለው ኖሯል?» አለው አስናቀ።

ፈንታሁን ኮፍያውን አወለቀ። «እሜቴ፣ የታሰርኩበትን አልቆጥርም። ከምንጩ ይቅመሱና ይፍረዱ።»

ውብዳር አፈረች፤ ጨነቃትም። ለፈንታሁን ብትሰጥ፣ ነገ «ለደኑ ብዬ ነው» እያለ መጥረቢያ ይዞ የሚገባውን በምን አፏ ትከለክላለች? ብትነፍገው ደግሞ የራሷን ጥፋት በእሱ ጫንቃ ላይ መጫኗ ነው። የሁለቱ ወንድሞቹም ልፋት ሐሰት የለበትም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ማሩ የሚገባው ላበቀለው ነው፣ ማሳውን ለለቀቀው ነው ወይስ ሕግ ጥሶ ላዳነው?