የአህያዋ ድረ ገጽና የቀበሮው ማስታወቂያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳትና አራዊት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የምትኖር አህያ ድረ ገጽ ነበራት። ስሙ «ሣርና ውሃ» ይባላል። አህያዋ ጠዋት ጠዋት ሸለቆውን ትዞርና የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ የትኛው መስክ እንደለመለመ፣ ጅብ በየት በኩል እንዳለፈ ትጽፍበታለች። ጽሑፏ አያምርም፤ ፊደልም ትገድፋለች፤ ግን አትዋሽም። ስለዚህ ከአንበሳ እስከ ሚዳቋ ሁሉም ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚከፍተው የእሷን ገጽ ነበር። በተለይ በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ስለቀረ፣ ገጹን ሳያይ የወጣ ቀኑን ሙሉ ደረቅ ጉድጓድ ሲያሸት ይውላል።

ይህን ሁሉ አንባቢ ያየ ቀበሮ፣ አንድ ጠዋት አሞሌ ጨው በአፉ ነክሶ መጣ።

«እመት አህያ፣ እንደምን አደሩ?»

አህያ ከሰው ጋር በኖረችበት ዘመን የሰማችው «ሂጂ!» እና «ቁሚ!» ብቻ ነበር። «አንቱ» ብሏት የሚያውቅ የለም። ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?»

«ልፋትዎን አይቼ አዝኜ ነው። አገር ሁሉ በእርስዎ ድካም ውሃ ይጠጣል፤ እርስዎ ግን ምን አገኙ? ይኸው ጨው አመጣሁልዎ፤ ወደፊትም አላጓድልብዎትም። እኔ የምለምነው ትንሽ ቦታ ነው። ከገጽዎ ግርጌ አንዲት ማስታወቂያ ልለጥፍ።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«ምንም አይደለች፣ ዝንብ ብታህል ነው። እርስዎም እንዳይደክሙ ራሴ እለጥፋታለሁ። የይለፍ ቃሉን ብቻ ሹክ ይበሉኝ።»

አህያ ጨዉን አየች። ቀበሮን አየች። እንደገና ጨዉን አየች። አንድ ጊዜ ላስ ስታደርገው የይለፍ ቃሉ ከአፏ ወጣ።

እውነትም ለጥቂት ቀን ማስታወቂያዋ እንደ ዝንብ ጥጓን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ዝንቧ ተርብ ሆነች፤ ተርቧ ጥንብ አንሳ ሆነች።

እመት ጦጣ የትኛው ሾላ እንደበሰለ ለማየት ገጹን ስትከፍት፣ አንድ ቀይ ሣጥን ዘሎ ወጣና ስክሪኑን ሸፈነው። «ስልክሽ በመዥገር ተወሯል! ለማጽዳት ቶሎ ንኪ!» ይላል። ጦጣ የተባለውን ነክታ፣ ስልኳን ገልብጣ ቀኑን ሙሉ መዥገር ስትፈልግ ዋለች። ሚዳቋ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለሽ! የዕድሜ ልክ ሣር አሸንፈሻል!» የሚል ዘለለባት። ለመዝጋት ጥጉ ላይ ያለችውን ኤክስ ልትነካ ስትል፣ ኤክሷ ወደ ግራ ሸሸች። ተከትላ ስትነካት ሌላ ሣጥን ተከፈተ። ያንን ስትዘጋ መንታ ወለደ።

የአንበሳው ግን የባሰ ነው። ስለ ውሃ ክፍፍል ጉባኤ ጠርቶ፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ በሚያዳምጥበት ሰዓት ስልኩ ከመዳፉ ሥር ጮኸ።

«ጋማህ እየሳሳ ተቸግረሃል? አትፈር! ብቻህን አይደለህም!»

ጉባኤተኛው መሬት መሬቱን አየ። ዝንጀሮ ሳቁን ለመደበቅ አንድ እፍኝ ሣር ጎረሰ። አንበሳም ጋማውን ዳበስ አድርጎ ጉባኤውን በተነ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነበር። የቀበሮ ዓላማ ግን ማሳቅ አልነበረም። ያንን ሣጥን የነካ ሁሉ ሳያውቀው ስልኩ የሚያድርበትን ቦታ ለቀበሮ ይናገራል። ቀበሮም ወስዶ ለአያ ጅቦ ይነግራል።

«ውላችን እንዲህ ነው» አለው ቀበሮ ከጉድጓዱ ደጅ ቁጭ ብሎ። «እኔ ቤቱን እነግርሃለሁ፤ አንተ ትሄዳለህ፤ ጉበቱን ለእኔ ታስቀርልኛለህ።»

«አጥንቱስ?»

«አጥንቱ ያንተ።»

«ቆዳውስ?»

«እሱም ያንተ።»

«ታዲያ ጉበቱንስ ለምን አልበላውም?»

ቀበሮ በረጅሙ ተነፈሰ። «አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። እነዚያን ሣጥኖች አንተ እንዳትነካ። የተሠሩት ለሌላ ነው።»

«እሺ» አለ ጅብ። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። «‹ነፃ ቅልጥም› ይላል እኮ!»

«እንዳትነካ አልኩህ!»

እመት ፍየል ደግሞ ያን ሰሞን ጅብን ሸሽታ ቤት ቀይራ ነበር። ገደል ወገብ ላይ ዋሻ አግኝታ፣ በሩን በእሾህ አጥራ፣ የት እንደምታድር ለእህቷ እንኳ አልተነፈሰችም። አንድ ቀን የትኛው ምንጭ ውሃ እንዳለው ልታይ ገጹን ስትከፍት ሣጥኑ ዘለለ። «ልጆችሽ ተጠምተዋል? ቅርብሽ ያለውን ውሃ ለማወቅ ‹ፍቀጂ› የሚለውን ንኪ! ቶሎ!»

ልጆቿ እውነትም ተጠምተዋል። ደግሞም የአህያ ገጽ ነው፤ አህያ ዋሽታ አታውቅም። ነካችው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጅብ የዋሻው በር ላይ ቆሞ ነበር። ፍየል በአንድ በኩል በቀንዷ እየወጋች፣ በሌላ በኩል ግልገሎቿን በገደሉ ላይ እየገፋች አወጣቻቸው። የመጨረሻውን ግልገል ግን ጅብ ጆሮውን ያዘው። ግልገሉ ተንፈራግጦ ነፍሱን አዳነ፤ የጆሮው እኩሌታ ግን እዚያው ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ፍየል ያን ግልገል ይዛ አህያ ደጅ ቆመች። ጦጣ፣ ሚዳቋና ዝንጀሮም ተከትለዋት መጥተዋል።

«አህያ፣ ቤቴን ለጅብ የጠቆምሽው ምን በድዬሽ ነው?»

«እኔ? ቤትሽ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም!»

«ገጽሽ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ወዲያው ጅብ መጣ። ይኸው የልጄን ጆሮ እዪው።»

አህያ ግራ ገባት። ገጹን የምታየው ስትጽፍበት በጓዳው በኩል ነው እንጂ፣ እንደ አንባቢ በፊት በር ገብታ አታውቅም ነበር። የፍየልን ስልክ ተቀብላ «ሣርና ውሃ»ን ከፈተች። ገና ርዕሱን ሳታነብ ሣጥኑ ዘለለ፤ ቀይ ሆኖ፣ ብልጭ ድርግም እያለ።

«አደጋ! እስከ አስር ተቆጥሮ ካልነካሽ ስልክሽ ይቃጠላል! አንድ! ሁለት! ሦስት!»

«ንኪው! ንኪው እንጂ!» ጮኸች ጦጣ።

«የለም፣ ኤክሷን ንኪ!» አለ ዝንጀሮ።

«አራት! አምስት! ስድስት!»

«ኧረ ስልኬን! ስልኬን አታቃጥዪብኝ!» አለች ፍየል።

እንግዲህ አህያን የሚያውቅ ያውቃታል። እየጮኹ ባጣደፏት ቁጥር እግሯ መሬት ውስጥ ይተከላል። ዱላ ያላነቃነቃትን አህያ ቀይ ሣጥን አያነቃንቃትም። ሰኮናዋን ከስክሪኑ አርቃ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዝም ብላ ቆመች።

«ሰባት! ስምንት! ዘጠኝ! አስር!»

ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም አልሆነም። ወፍ እንኳ አልበረረም። ሣጥኑ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «አደጋ! አንድ! ሁለት!» ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ።

አህያ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ አናፋች። «ውሸታም ነው! የሚያውቀው መጮህ ብቻ ነው! ካልነካነው እጅ የለውም፣ እግር የለውም!» ጦጣና ዝንጀሮ ተያይዘው ሳቁ። አህያም አብራ እየሳቀች ሳለ ዓይኗ የግልገሉ ጆሮ ላይ ወደቀ። ሳቋ ደረቀ።

«እህቴ ፍየል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቀበሮን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሁላችሁንም በር በአንድ ጨው ከፈትኩለት። ምን ይዞ እንደገባ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች ፍየል። «ጸጸትሽ ለልጄ ጆሮ አያበቅልለትም። ይልቅ ምን ልታደርጊ ነው?»

አህያ የዚያኑ ዕለት የይለፍ ቃሏን ቀየረችና ማስታወቂያውን ነቀለችው። ሲነጋ እንደ ሰርዶ በሌላ ጥግ በቅሎ አገኘችው። ደግማ ነቀለችው፤ ደግሞ በቀለ። ቀበሮ ሥሩን በገጹ ሁሉ ውስጥ ዘርግቶት ኖሯል። ይሄኔ አሮጌውን ትታ አዲስ ገጽ ከባዶ ለመሥራት ቆረጠች።

ይህን ስታሰላስል አንበሳ መጣባት።

«አህያ! ይህን ገጽ አሁኑኑ ዝጊው!»

«ንጉሥ ሆይ፣ እዘጋዋለሁ። ግን ጥቂት ቀን ይስጡኝ፤ አዲሱን ሳላደርስ ብዘጋው ውሃ ያለበትን የሚናገር ይጠፋል።»

«እስከዚያስ ማን ይናገራል?»

«እስከዚያ በጉሮሮዬ እሠራለሁ።»

አንበሳ ሊሄድ ዞረና ቆመ። ግራ ቀኙን አየት አድርጎ ጠጋ አለ። «ያ የጋማው ነገር… መድኃኒቱ እውነት ነው?»

«የለም ጌታዬ፣ እሱም ውሸት ነው።»

«አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ። ለአንድ ዘመዴ ብዬ ነው።»

ከዚያ ጀምሮ አህያ ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ እየወጣች፣ በዚያ በታወቀው ድምጿ ትለፍፍ ጀመር።

«የላይኛው ምንጭ ደርቋል! ዋርካው ሥር ግን ውሃ አለ! ደግሞ ስሙኝ፤ ‹ቶሎ ንካ› የሚላችሁን አትንኩ! ኤክሷንም ቢሆን አትንኩ፤ ገጹን ጠቅላላ ዝጉት! ‹ፍቀድ› የሚለውን የነካችሁ ፈቃዱን ከልክሉና ማደሪያ ቀይሩ!»

ድምጿ ለጆሮ አይጥምም። አልሰማሁም ብሎ የሚያመካኝ ግን አልተገኘም። ጦጣ ፈቃዷን ከለከለች፤ ሚዳቋም ከለከለች፤ ፍየል ከልክላም አልበቃት፣ ስልኳን በቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ጫነችበት።

ቀበሮ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ቢጠብቅ፣ የሚነካ ጠፋ። ጅብ ደጁ ላይ ይመላለሳል።

«ዛሬስ የት ልሂድ?»

«ታገስ፣ አሁን አንዱ ይነካል።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። ሆዴ ግን ትናንትን አይበላም።»

አንድ ቀትር ላይ ጅብ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ሆዱ ሲንጫጫበት ስልኩን አወጣና የአህያን አሮጌ ገጽ ከፈተ። ሣጥኑ ዘለለ። «ተርበሃል? ቅርብህ ያለውን ሥጋ ለማወቅ ቶሎ ንካ!»

ጅብ የቀበሮን አደራ አስታወሰ። አስታውሶ ነካው።

ቀበሮ ግን ማስታወቂያውን ሲሠራ፣ መሥራት አለመሥራቱን ለመሞከር መጀመሪያ የነካው ራሱ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ፈቃዳቸውን ስለከለከሉ፣ ሥጋ የት አለ ሲባል ሣጥኑ የሚያውቀው ቤት አሁን አንድ ብቻ ቀርቷል። «ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ፣ ጉድጓድ ውስጥ» ሲል ነገረው።

ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ሄደና ጉድጓዱ ውስጥ አንገቱን አስገባ። ቀበሮ ከእንቅልፉ ብትት አለ።

«አያ ጅቦ! ምን ሆንክ? እኔ እኮ ነኝ፣ ወዳጅህ!»

«ስልኩ ሥጋ ነህ ይላል።»

«ስልኩ ውሸታም ነው! የማስዋሸው እኔ ራሴ ነኝ!»

ጅብ ጥቂት አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ። «የፍየሏን ቤት ከእሱ ሰምተህ ስትነግረኝ አልዋሸም» አለና አፉን ከፈተ።

ቀበሮ በጓሮ ቀዳዳ ሾልኮ አመለጠ፤ የጅራቱ ጸጉር ግን ጅብ ጥርስ ላይ ቀረ። ስልኩን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ከተራራው ማዶ አንበጣ እየለቀመ ይኖራል ይባላል እንጂ፣ በሸለቆው ውስጥ ዳግመኛ ያየው የለም።

ጅብም ጉድጓዱን አገላብጦ ሌላ የሚበላ ሲያጣ፣ የቀበሮን ስልክ አንስቶ ዋጠው።

ጥቂት እንደተራመደ ከሆዱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። «እንኳን ደስ ያለህ! አሸንፈሃል!»

ጅብ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። «ማነህ አንተ?» አለ።

«ቶሎ በል! ዕድሉ ሊያመልጥህ ነው!» አለ ሆዱ።

ጅብ ደንግጦ ሮጠ። ሆዱም እየጮኸ አብሮት ሮጠ። ወደ ፍየል ሠፈር ለአደን ሲጠጋ፣ አጥንቱ በቆዳው ላይ እየታየ ሆዱ «ክብደት መቀነስ ትፈልጋለህ?» እያለ ይለፍፋል። ግልገሎቹ ከሩቅ ሰምተው ገደል አፋፍ ላይ ይወጡና ቁልቁል ያዩታል። የስልኩ ቻርጅ እስኪያልቅ ድረስ ጅብ አንዲት እንቁራሪት እንኳ ሳይዝ ሰነበተ። በመጨረሻ በረሃብና በእፍረት ሸለቆውን ለቆ ሄደ።

አህያም አዲሱን ገጽ አድርሳ ከፈተች። አሮጌውን ከነሰርዶው ስታጠፋው፣ ለዓመታት የጻፈችው ሁሉ አብሮ ሲጠፋ አይታ አለቀሰች። ጦጣ ተመልሳ መጣች፤ ሚዳቋም መጣች፤ አንበሳም እንደ ዋዛ ብቅ ማለት ጀመረ። ፍየል ግን አዲሱን ገጽ ለብዙ ጊዜ አልከፈተችውም። ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ሥር ቆማ «በአፍሽ ንገሪኝ» ትላለች። አህያም ሳትቀየም ወጥታ ትነግራታለች።

ከዚህ የምንማረው፣ «ቶሎ! ቶሎ!» እያለ የሚያጣድፈን ሁሉ የቸኮለው ለእኛ ደኅንነት ሳይሆን ለራሱ ሆድ መሆኑን ነው።