በጳጉሜን የሚያርፈው ኮምፒውተር

አንድ ኮምፒውተር በዓመት አምስት ቀን ያርፍ ነበር። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት።

የሚኖረው በአንድ ትልቅ ከተማ፣ በአንድ የማስረጃ ቢሮ ውስጥ ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ሁሉ የሚወጣው ከእሱ ነው። ነሐሴ ሠላሳ ከሥራ መውጫ ላይ ሠራተኞቹ ነጭ ነጠላ ያለብሱታል። መስከረም ሁለት ጠዋት ይገልጡታል። በመካከሉ ማንም አይነካውም። ሠራተኞቹ ግን በጳጉሜንም ይገባሉ፤ ሥራቸው ባለጉዳዩን «መስከረም ሁለት ተመለሱ» ማለት ነው። ጥበቃው ደግሞ ምክንያቱን ያስረዳል፦ «ማሽንም ጠበል ያምረዋል።»

ይህን ዕረፍት የደነገገችው ሴት ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ክብ ጎፈሬ፣ ሰፊ መነጽር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ አሰገደች፣ የመጀመሪያዋ የፕሮግራም ባለሙያ። ለማሽን ዕረፍትን ያስተማሩ።»

እውነቱ ሌላ ነው።

ከአርባ ዓመት በፊት ማሽኑ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ለወራት አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ይዞ መጣ። አሰገደች በከተማው ለማሽን ትእዛዝ መጻፍ የምትችል ብቸኛ ሰው ነበረች። መስከረምን አስገባች፣ ጥቅምትን አስገባች፤ ነሐሴ ላይ ቦታው አለቀ። ጳጉሜን ውጭ ቀረች። ሦስት ሳምንት ታገለች። ጳጉሜንን ነሐሴ ላይ ስትለጥፋት ሕፃናት ነሐሴ ሠላሳ አራት ተወለዱ። መስከረም ላይ ስትለጥፋት ሙሽሮች ሳይጋቡ ተፋቱ። የምረቃው ቀን ደረሰ። አለቆች መቀስ ይዘው ሪባኑ ፊት ቆሙ። አሰገደች ቸኩላ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ዝም በል።» ከእንቁጣጣሽ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብላ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሌላ ሥራ አገኘች።

አንድ ቦታ መቀመጥ የማትችል ሰው ነበረች። አየር ትንበያ ገብታ ዝናብን በስሌት ጠበቀች፤ ዝናቡ በሌላ በኩል መጣ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ለሽመና ማሽን የጥለት ትእዛዝ ጻፈች። የአማርኛን ፊደል በነጥብ በነጥብ ሥላ ኮምፒውተር ላይ አሰፈረች፤ «ጨ» ላይ ስትደርስ ታማ ተኛች። መኪና መንዳት አስተማረች። ተማሪ ሲሳሳት «ከመጀመሪያው ጀምር!» ትል ነበር፣ አደባባይ መሐል። ንብ ማነብም ሞከረች። ንቦቹ ትእዛዝ አይቀበሉም።

እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ማሽኑ አራት ጊዜ ተቀየረ፤ ፕሮግራሙ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዳለ ተገለበጠ። ያቺን መስመር የነካ የለም። መስመሯ ልማድ ሆነች። ልማዱ ደንብ ሆነ። ለደንቡ ኮሚቴ ተቋቋመለት።

ወይዘሮ አሰገደች ሰባ ዓመት ሞላት። በዚያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ለልጆች ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ከሥራዎቿ ሁሉ እንዲህ የተመኘችው አልነበረም። ምዝገባው ጳጉሜን አምስት ያበቃል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ግዴታ ነው። ጳጉሜን ሦስት ቀን ዝናብ እየመታት ሄዳ የቢሮው መስኮት ላይ ቆመች።

ሰናይት የምትባለው ጸሐፊ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ ማሽኑ ዕረፍት ላይ ነው። መስከረም ሁለት ይምጡ» አለቻት።

«ማን አሳረፈው?»

«እሳቸው ናቸዋ!» ፎቶውን አሳየቻት። «ነፍሳቸውን ይማር።»

«አልሞትኩም።»

ሰናይት ፎቶውን አየች። አሮጊቷን አየች። «ጎፈሬውስ?»

«እሱ ሞቷል።»

የቢሮው ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው ተጠርተው እየሮጡ መጡ። ጎንበስ ብለው ጨበጧት። «እናታችን! መርህዎን አንድ ቀን አላጓደልንም። ስለ ማሽን ድካም ጥናት አቅርቤበታለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የሥራ ልምድ ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«መስከረም ሁለት እኔው ራሴ ቤትዎ አመጣለሁ።»

«ምዝገባው ከነገ ወዲያ ያበቃል፣ ልጄ።»

«ምን ላድርግ? መርህ መርህ ነው። ያውም የእርስዎ!»

ወይዘሮ አሰገደች ወደ ፎቶው ቀና አለች። ዝም ብትል እዚያው ግድግዳ ላይ ባለራእይ ሆና ትኖራለች። ወረቀቱ ግን ይቀርባታል፤ ልጆቹም።

«መርህ አይደለም» አለች። «አቅቶኝ ነው።»

«ምን አሉ?»

«አሥራ ሦስተኛውን ወር ማስገባት አቃተኝ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ዝም በል አልኩት። ከዚያ ረሳሁት።»

አቶ ወንድይፍራው ከኋላዋ የተሰለፉትን ባለጉዳዮች አይተው ላብ አጠመቃቸው። «ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ፤ ባለጉዳይ ይሰማል!»

«ሰምተናል!» አለ ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ። «እኔ ያላገባ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት አጥቼ ሠርጌ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ሙሽራዬ አግብተሃል እያለች ነው!»

ሰልፉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀርቶ ጩኸት ሆነ። ወይዘሮ አሰገደች በበሩ ገብታ ነጠላውን ገፈፈችና ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ለራሷ እየተነጫነጨች ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። አዲሱ ማሽን ቦታ አልጠበበውም፤ ጳጉሜን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ገባች። ከዚያ ወረቀት ወጣ።

«ማኅተሙ ግን . . .» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ መሳቢያቸውን በእጃቸው ከልለው።

«እሱንስ ማን ዝም በል አለው?» አለቻቸው።

ሰልፉም ዓይኑን አልነቀለም። አቶ ወንድይፍራው መሳቢያውን ከፈቱ።

ወረቀቱ እንደ ማንኛውም የሥራ ልምድ ወረቀት፣ «ሥራቸውን በትጋትና በብቃት ተወጥተዋል» ይል ነበር። ወይዘሮ አሰገደች አንብባ መለሰችላቸው።

«‹ከጳጉሜን በስተቀር› የሚል ጨምሩበት።»

«እንዲህ ያለ ወረቀት ማን ይቀበልዎታል?»

«ጨምሩበት።»

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ወረቀቱን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከት ብላ ሳቀች። «አርባ አመልካች መጥቶልኛል» አለች፤ «ሁሉም እንከን የለሽ። ስህተቱን በማኅተም አስመትቶ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ልጆቹ የሚማሩት ሲሳሳቱ ነውና ከእርስዎ ይማሩ።»

ወዳጆቼ፣ የሠራነው ብቻ ሳይሆን ሳንጨርስ የተውነውም ከእኛ በኋላ ይኖራል፤ ሰውም ነጠላ አልብሶ ያከብረዋል። ነጠላውን ለመግፈፍ ከዕውቀት ይልቅ «አቅቶኝ ነበር» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። እስቲ እናንተም በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ጎንበስ ብላችሁ የምታልፉትን ደንብ አንዴ ቀና ብላችሁ እዩት። የማን ያላለቀ ሥራ ይሆን? ወይስ የእናንተው ነው?