ስም ያልወጣላቸው በተኖች

እናንተ ስልክ ላይ ያፈጠጣችሁ፣ ቀና በሉና ስሙኝማ!

አንድ ዓይነ ስውር መጥረጊያ ሠሪ ነበር፤ ምላሱ ከመጥረጊያው የባሰ የሚጠርግ። ቤቱ ውሃ ለማስገባት በስልኩ ማመልከት ፈለገ። ስልኩ ራሱ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የውሃ ቢሮው ገጽ ላይ የሚጫኑት ቁልፎች ጋ ሲደርስ ግን "በተን፣ በተን፣ በተን" ይላል እንጂ የቱ መላኪያ፣ የቱ መሰረዣ እንደሆነ አይናገርም። ሰውየው ልላከው ብሎ ማመልከቻውን ሰረዘው።

ቢሮው ሄዶ ኃላፊውን አቶ ድንበሩን "ስልኬ እንዲያነባቸው ለበተኖቹ ስም አውጡላቸው" አለው። አቶ ድንበሩ ደግሞ ቀላል ነገር ያዋርደዋል! የሚናገር የኮምፒውተር ረዳት ከውጭ አገር አስገዝቶ ገጹ ላይ ለጠፈና ሰውየውንም የቴሌቪዥን ካሜራም ጠራ።

ሰውየው ስልኩን ሲከፍት አዲሱ ረዳት "እንኳን ደህና መጡ! እንኳን ደህና መጡ!" እያለ እንደ ሰርግ አጃቢ ጮኸበት። ስልኩም ከሥር "በተን፣ በተን" ማለቱን አልተወም።

"በል ካሜራው ፊት አመስግን!" አለ አቶ ድንበሩ ሆዱን አስቀድሞ። "አለዚያ ውሃህን ከወንዝ ትቀዳታለህ!"

"አመሰግናለሁ ጌታዬ" አለ ሰውየው። "እኔ እጅ እያለኝ፣ ትሪውን ቆጥ ላይ ሰቅለው ጉርሻ አመጡልኝ። ትሪውን ቢያወርዱልኝ እኮ ራሴ እበላ ነበር።"

"ጉርሻ ክብር ነው፣ አንተ!" ብሎ ደነፋ አቶ ድንበሩ።

"አፍ ውስጥ ሲገባ ነዋ ጌታዬ! የርስዎ እኮ የገባው ጆሮዬ ውስጥ ነው።"